የኢቺሮ ሱዙኪን ካርድ ለመምረጥ፦ የ1993ቱ፣ የኮቤው፣ የሲያትሉ ወይስ የስንብቱ?

ማርች 21 ቀን 2019 ምሽት በቶኪዮ ዶም ሲያትል ማሪነርስና ኦክላንድ አትሌቲክስ እየተጫወቱ ሳለ፣ የ45 ዓመቱ ጃፓናዊ የቤዝቦል ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪ በስምንተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ቀኝ ሜዳ ላይ ቦታውን ከያዘ በኋላ ተጠርቶ ወጣ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ፤ የቡድን ጓደኞቹ ተራ በተራ አቀፉት፤ በዚያው ጨዋታ የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ ጉዞውን የጀመረው ወጣቱ ወርዋሪ ዩሴ ኪኩቺ ሲያቅፈው እንባውን መቆጣጠር አቃተው። ኢቺሮ በዚያ ምሽት አራት ጊዜ ለመምታት ቀርቦ አንዱም አልተሳካለትም። እኩለ ሌሊት ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ በቆየ ጋዜጣዊ መግለጫ መጫወት ማቆሙን ሲናገር፣ በጃፓን ዘጠኝ፣ በአሜሪካ አሥራ ዘጠኝ፣ በድምሩ ሃያ ስምንት የውድድር ዘመናት የፈጀ ጉዞ ተዘጋ።

አንድ ታላቅ ተጫዋች ሲሰናበት የተጫዋች ካርድ (የተጫዋቹ ፎቶ የታተመበት ትንሽ ካርድ) የሚሰበስቡ ሰዎች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፤ ከእርሱ አንድ ካርድ ብቻ ልያዝ ብል የትኛውን ልያዝ? በኢቺሮ ረገድ ጥያቄው ከወትሮው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ካርዶቹ በሁለት አገሮች፣ በተለያዩ ኩባንያዎች፣ በተለያየ ልማድ የታተሙ ናቸው። በጃፓን የመጀመሪያ የሚባለው ካርድ በአሜሪካ የመጀመሪያ አይባልም፤ የአሜሪካው የመጀመሪያ ካርድ ሲወጣም ኢቺሮ በአገሩ ሰባት ጊዜ የምት አማካይ (ለመምታት ከቀረበባቸው ጊዜያት የተሳኩለት ድርሻ) ቁንጮ የሆነ፣ ስሙ የገነነ ተጫዋች ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን እያነጻጸርሁ፣ የራሴንም ብያኔ ሳልደብቅ አቀርባለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የ1993ቱ ካርድ፦ ማንም ያልፈለገው ልጅ

ኢቺሮ ኦክቶበር 22 ቀን 1973 በአይቺ ግዛት ተወለደ። ናጎያ በሚገኘው አይኮዳይ ሜይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተጫወተ በኋላ፣ በ1991 የተጫዋቾች ምልመላ ኦሪክስ ብሉዌቭ የተባለው የኮቤ ከተማ ቡድን በአራተኛው ዙር መረጠው። በአራተኛ ዙር የሚመረጥ ልጅ ብዙ አይጠበቅበትም፤ አሰልጣኙ ሾዞ ዶይም የፊት እግሩን እንደ ሰዓት ፔንዱለም እያወዛወዘ የሚመታበትን ስልት አልወደደለትም። በ1993 በዋናው ቡድን 64 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ የተሳካለት 12 ጊዜ ብቻ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ የመጀመሪያ ሆም ራኑ (ኳሱን ከሜዳው አጥር ያሳለፈበት ምት) ሲሆን፣ ኳሱን የወረወረውም በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለጃፓናውያን በር የከፈተው ሂዴዎ ኖሞ ነው።

ቢቢኤም በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የቶኪዮ አሳታሚ፣ ማለትም ቤዝቦል ማጋዚን ሻ፣ የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ካርዶቹን ማውጣት የጀመረው በ1991 ነው። በ1993 እትሙ ቁጥር 239 ሆኖ የወጣው ካርድ የዚህን ልጅ ፎቶ ይዟል። አብዛኛው የጃፓን ሰብሳቢ «የኢቺሮ የመጀመሪያ ካርድ» ሲል ይህንን ማለቱ ነው።

የዚህን ካርድ ልዩነት የሚያስረዳው ስሙ ነው። በ1994 ቡድኑን የተረከበው አኪራ ኦጊ የልጁን የአመታት ስልት እንዳለ ተቀበለ፤ ከዚያም ሱዙኪ በጃፓን እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ስለሆነ ማንም ሳያስተውለው እንዳይቀር «ኢቺሮ» በሚለው የግል ስሙ ብቻ፣ ያውም ካታካና በተባለው የጃፓን ፊደል እንዲመዘገብ አደረገ። በዚያው ጊዜ ካዙሂሮ ሳቶ የተባለው ጓደኛውም «ፓንች» ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ በ1993 የወጣ ካርድ የሚያሳየው ገና «ኢቺሮ» ያልሆነውን፣ ከብዙ ሱዙኪዎች አንዱ የነበረውን ልጅ ነው። ይህ ለገዢውም ይጠቅማል፤ የ1993 ነው ተብሎ የቀረበ ካርድ ተጫዋቹን የሚጠራው በአራቱ የካታካና ምልክቶች ብቻ ከሆነ መጠራጠር ይገባል፤ ያ ስም የተመዘገበው በቀጣዩ ዓመት ነውና።

የዚህ አማራጭ ድካም ግልጽ ነው። ካርዱ ሲወጣ ተጫዋቹ የማይታወቅ ስለነበር በጥንቃቄ ያስቀመጠው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥጎቹ ያልተላጡ፣ ምስሉ በትክክል መሃል ላይ ያረፈ ቅጂ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ መሠረታዊ ካርዶች ይልቃል። በተጨማሪም ተፈላጊነቱ ሐሰተኛ ቅጂ የሚያትሙትን ይስባል።

ምቶቹን የሚደምር ሰው ካርዱንም ይደምር

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ለዓመታት የተከራከሩበትን ነገር መንካት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የካርድ ልማድ መሠረት የአንድ ተጫዋች «ሩኪ ካርድ» የሚባለው በሜጀር ሊግ ፈቃድ የታተመው የመጀመሪያው ካርድ ስለሆነ፣ ለኢቺሮ የሚሠራው የ2001 ካርድ ነው። በዚህ አነጋገር የ1993ቱ ከሩኪ በፊት የወጣ ካርድ ብቻ ይሆናል።

ይህ ክርክር ከሌላ ክርክር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኢቺሮ በጃፓን 1,278፣ በአሜሪካ 3,089፣ በድምሩ 4,367 የተሳኩ ምቶች አሉት። ጁን 15 ቀን 2016 በሳን ዲዬጎ የሁለቱ አገሮች ድምር በሜጀር ሊግ ከሁሉ በላይ ምት ያስመዘገበውን የፒት ሮዝን 4,256 ሲያልፍ ግማሹ ዓለም አጨበጨበ፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ «የጃፓኑ አይቆጠርም» አለ። የእኔ አቋም ቀጥተኛ ነው፤ በኮቤ የተመታውን ምት ከኢቺሮ ምት የሚቆጥር ሰው የ1993ቱን ካርድ የመጀመሪያ ካርዱ ማድረግ ይገባዋል። የሜጀር ሊጉን 3,089 ብቻ የሚቆጥር ደግሞ የ2001ን መያዙ ከአቋሙ ጋር ይስማማል። ሁለቱንም እየጠቀሱ ገበያው በሚፈልገው ጊዜ አንዱን፣ በማይፈልገው ጊዜ ሌላውን «እውነተኛው» ማለት ግን ጀማሪ ገዢዎችን የሚያሳስት ነገር ነው።

የኮቤ ዓመታት፦ የተዘነጋው አማራጭ

ኢቺሮ በ1994 በ130 ጨዋታዎች 210 ምቶች መትቶ በጃፓን ፕሮፌሽናል ቤዝቦል በአንድ የውድድር ዘመን 200ን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ አማካዩም 0.385 ነበር። ከዚያ እስከ 2000 ድረስ በተከታታይ ሰባት ዓመት የምት አማካይ ቁንጮነትን ማንም አልነጠቀውም፤ ከ1994 እስከ 1996 ደግሞ በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ነገር ግን የእነዚህ ዓመታት ክብደት በቁጥር ብቻ አይለካም። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ማለዳ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቡድኑን ከተማ ኮቤን አፈራርሶ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ኦሪክስ «ጋንባሮ ኮቤ»፣ ማለትም «ኮቤ ሆይ በርቺ» የሚል ጽሑፍ በማሊያው እጅጌ ላይ ለጥፎ ወደ ሜዳ ገባ። በዚያው ዓመት ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነው የፓሲፊክ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ደግሞ ድሉን ኮቤ ላይ በደጋፊዎቹ ፊት አረጋገጠ። ያንን ጨዋታ የጨረሰው ምት የኢቺሮ ነበር። ቡድኑ በዚያው ዓመት ዮሚዩሪ ጃያንትስን አሸንፎ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበትን የጃፓን ሲሪስንም ወሰደ።

ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ ትርጉም ያለው ካርድ ለሚፈልግ ሰው የማቀርበው የመጀመሪያ ምክር፣ ያ የእጅጌ ጽሑፍ በግልጽ የሚታይበትን የኦሪክስ ካርድ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በፀደይ የሚወጣ እትም ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው ባለፈው የውድድር ዘመን የተነሣውን ፎቶ ነው። በመሆኑም የ1995ን ማሊያ የሚፈልግ ሰው በ1996 የታተሙትንም መመልከት አለበት። በእነዚህ ዓመታት ኢቺሮ የአገሩ ትልቁ ኮከብ ስለነበር ካርዶቹ በብዛት ታትመዋል፤ የዋጋቸው መርከስም ከዚህ የመጣ እንጂ ካርዶቹ ሳይረቡ ቀርተው አይደለም።

በዚህ ዘመን ሁለት አታሚዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቢቢኤም ካርዶቹን በፓኬት የሚሸጥ ሲሆን፣ መጠናቸው ከአሜሪካው መደበኛ ካርድ፣ ማለትም ወደ 63 በ88 ሚሊሜትር ከሚሆነው ጋር ይቀራረባል። ካልቢ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ካርድን ከድንች ጥብስ ከረጢት ጋር አያይዞ የሚያቀርብ የምግብ ኩባንያ ነው። የካልቢን ካርድ የያዙት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ ጥብሱን በልተው በዚያው እጃቸው ካርዱን አገላብጠዋል። ስለዚህ ጥጉ ያልታጠፈ፣ ገጹ ያልቆሸሸ የካልቢ ካርድ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የካልቢ ካርዶች መጠን በየዘመኑ መለዋወጡም ችግር ያመጣል፤ ለመደበኛ ካርድ የተሠራ ማስቀመጫ ውስጥ ትንሹ ካርድ እየተንሸራተተ ጠርዙ ይጎዳል። የአንድን ልጅ ደስታ የሚያስታውስ ነገር ለሚፈልግ ሰው ካልቢን እመርጥለታለሁ፤ በደረጃና በዋጋ ለሚያስብ ግን ቢቢኤም ይሻላል።

የ2001 ካርዶች፦ ሦስት የተለያዩ ገዢዎች

ኖቬምበር 2000 ሲያትል ማሪነርስ ከኢቺሮ ጋር ለመደራደር ብቻ ለኦሪክስ 13.125 ሚሊዮን ዶላር የጨረታ ገንዘብ አቀረበ። ኤፕሪል 2 ቀን 2001 የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ ተጋጣሚው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በስንብቱ ሌሊት የገጠመው ያው ኦክላንድ ነበር። በዚያ ዓመት 242 ምቶችና 56 የተሰረቁ ቤዞች (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ የያዛቸው ማረፊያዎች) አስመዘገበ፣ አማካዩ 0.350 ሆነ፣ ቡድኑ 116 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ኢቺሮም ከ1975ቱ ፍሬድ ሊን በኋላ በአንድ ዓመት የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ምርጥ ተጫዋችም የተባለ ሁለተኛው ሰው ሆነ። ኦጊ የሰጠው የምዝገባ ስም አሜሪካ ድረስ ተከትሎታል፤ በማሪነርስ ማሊያው ጀርባ የተጻፈው የቤተሰብ ስሙ ሳይሆን «ኢቺሮ» ነበር።

በሲያትልና በዙሪያዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ያ ቡድን የከተማቸው ቡድን ነው። በዚያ ለሚኖር ወይም ልጆቹን በዚያ ላሳደገ አንባቢ የ2001 ካርድ ከሌሎቹ ሁሉ ቅርብ ቢሆንበት አይደንቅም፤ እኔም በዚህ አልከራከረውም። የሚቀረው ከብዙዎቹ የ2001 ካርዶች መካከል መምረጡ ነው።

የቶፕስ ቁጥር 726፣ በሁለተኛው ተከታታይ እትም የወጣው፣ ቀላሉ መንገድ ነው። ወረቀቱ ተራ፣ ኅትመቱ ብዙ፣ ደረጃ ያልተሰጠው፣ ማለትም በመርማሪ ድርጅት ያልተመዘነ ቅጂ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው የሚደፈር ነው። ቶፕስ በዘርፉ ረጅም ታሪክ ያለው ኩባንያ ስለሆነ ካርዱን ማንኛውም ሻጭ ያውቀዋል፤ በኋላ ለመሸጥም አያስቸግርም።

የአፐር ዴክ ቁጥር 271 «ስታር ሩኪ» በሚለው ክፍል ውስጥ የወጣ ነው። ከቶፕሱ ጋር ሲነጻጸር የፎቶው ጥራትና የወረቀቱ ንጣት ለዓይን ይማርካል፤ የዋጋ ልዩነቱም ሰፊ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ለልጅ ስጦታ ብገዛ አፐር ዴክን እገዛለሁ።

የቦውማን ክሮም ቁጥር 351 ግን ከእነዚህ የተለየ ዓለም ነው። ካርዱ በሚያብረቀርቅ ገጽ የታተመ ሲሆን፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በጃፓንኛ ጽሑፍ ሆኖ በሁለት መልክ ወጥቷል። ሁለቱን አገሮች በአንድ ቁጥር ውስጥ ያስቀመጠ ካርድ ስለሆነ፣ ለኢቺሮ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ የአሜሪካ ካርድ አላውቅም። ጥንቃቄውም በዚያው ልክ ይበዛል። የሚያብረቀርቅ ገጽ ትንሿን ጭረት ሁሉ ያሳያል፤ ከማተሚያ ማሽኑ የቀሩ ቀጫጭን መስመሮችም በብርሃን ሲታዩ ይወጣሉ፤ በእርጥበትም ይቆለመማል። ሻጩ ከፊት ለፊት የተነሣ አንድ ፎቶ ብቻ ካሳየ፣ ካርዱን አዘንብሎ በብርሃን ፊት የተነሣ ሌላ ፎቶ ይጠይቁት። እምቢ ካለ ይተዉት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የማረጋገጫ ዘዴ አለ። በአሜሪካ ሁሉም አታሚዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የ«ሩኪ ካርድ» አርማ የተጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ በ2001 የታተመ የኢቺሮ ካርድ የየኩባንያውን የራሱን ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ ያ የጋራ አርማ ግን ሊኖረው አይችልም። ኩባንያዎች የድሮ ካርዶቻቸውን በየጊዜው መልሰው ያትማሉ፤ ፊቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው የመብት ዓመት ግን የተለየ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የ2001 ነው ብዬ የገዛሁት ካርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩ የካርዱን ጀርባ አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ የጀርባውን ፎቶ ሳላይ አንድም ካርድ ገዝቼ አላውቅም።

የኋለኛው ዘመን፦ መታሰቢያዎች

በ2004 ኢቺሮ 262 ምቶች መትቶ ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበውን 257 አለፈ፤ ከ2001 እስከ 2010 ድረስም በየዓመቱ ከ200 በላይ መታ። በ2012 ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ተዛወረ፤ ቀጥሎ ማያሚ ማርሊንስ ገባ፤ ኦገስት 7 ቀን 2016 በዴንቨር 3,000ኛውን ምት በትሪፕል (እስከ ሦስተኛው ቤዝ በሚያደርስ ምት) አስመዘገበ። በ2018 ወደ ሲያትል ተመለሰ።

የእነዚህ ዓመታት ካርዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ዝርዝር ንጽጽር የሚጠይቁ አይደሉም። በ2016 የተጀመረው ቶፕስ ናው የተባለው አሠራር ግን ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ነገር ሜዳ ላይ በተፈጸመ ማግሥት ካርዱ ለአጭር ጊዜ ብቻ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ የሚታተመውም በታዘዘው ልክ ነው፤ የታተመው ብዛት በኋላ ይነገራል። የ3,000ኛው ምትና የስንብቱ ሌሊት ካርዶች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ለማስታወሻ መልካም ናቸው፤ ዕለቱን ራሱን ይዘዋልና። ዋጋቸው እያደገ ይሄዳል ብሎ መግዛት ግን አልመክርም፤ የሚያዝዘው ሰው ሁሉ ገና ከመጀመሪያው በፕላስቲክ ጠብቆ ስለሚያስቀምጠው፣ ንጹሕ ቅጂ ከገበያ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ከ1993ቱ ካርድ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ማንም ስላልጠበቀው ዛሬ ንጹሑ ብርቅ ሆኗል።

ፊርማና የማሊያ ቁራጭ ያለባቸው ካርዶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በፓኬት ውስጥ የተገኘ የፊርማ ካርድ ጀርባው ላይ የአታሚው ማረጋገጫ ይኖረዋል፤ ሰው በአካል አስፈርሞት ከሆነ ግን ገለልተኛ መርማሪ ያስፈልገዋል። የማሊያ ቁራጭ ላለበት ካርድ ደግሞ ጀርባውን ሙሉውን ያንብቡ። «በጨዋታ የተለበሰ» ማለትና «ከማንኛውም የተወሰነ ጨዋታ ጋር የማይያያዝ» ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ጽሑፍ ያለበትን ካርድ በአንደኛው ዋጋ የገዙ ብዙ ሰዎች አሉ።

ደረጃ የተሰጠው ወይስ ያልተሰጠው?

እንደ ፒኤስኤ፣ ቤኬትና ኤስጂሲ ያሉ ድርጅቶች ካርዱን መርምረው እስከ 10 የሚደርስ ነጥብ ሰጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። የሚመዘኑት ነገሮች አራት ናቸው፤ ምስሉ በካርዱ መሃል ማረፉ፣ ጥጎቹ፣ ጠርዞቹና ገጹ። ቤኬት ለእያንዳንዳቸው ንዑስ ነጥብ የሚሰጥበት አሠራር ስላለው ጉድለቱ የት እንዳለ ለማወቅ ይረዳል፤ የፒኤስኤ ነጥብ ደግሞ አንድ ብቻ ቢሆንም በገበያው በስፋት ይታወቃል።

ለ1993ቱ ቢቢኤምና ለቦውማን ክሮም ደረጃ የተሰጠውን መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱም ሐሰተኛ ቅጂ ሊሠራላቸው የሚያጓጉ ናቸውና። ነጥቡ 10 እንዲሆን ግን አይጨነቁ። በ10 እና በ8 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ እጥፍ ሊሆን ሲችል፣ በዓይን የሚታየው ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ለቶፕስና ለአፐር ዴክ መሠረታዊ ካርዶች እንዲሁም ለኮቤ ዓመታት ካርዶች ደግሞ ደረጃ ያልተሰጠው ይበቃል፤ ለማሸጊያው የሚከፈለው ከካርዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና።

የታሸገ ካርድ ሲገዙ በላዩ ያለውን የምስክር ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ላይ ያረጋግጡ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እውነተኛ ቁጥር በሐሰተኛ ማሸጊያ ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ መዝገቡ ፎቶ ካለው ከካርዱ ጋር ያመሳክሩት። ያልታሸገ ካርድ ለመመርመር ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ርካሽ ዘዴ አለ፤ ከዚያው ዓመት ከዚያው እትም የማይታወቅ ተጫዋች ካርድ በጥቂት ሳንቲም ገዝቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ውፍረቱ፣ የገጹ ንጸባራቅና የጀርባው ፊደላት ጥራት መመሳሰል አለባቸው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የጥቁሩ ፊደል ጠርዝ በነጠብጣብ ከተሞላ፣ ካርዱ ከሌላ ካርድ ፎቶ የተባዛ መሆኑ በብርቱ ያጠራጥራል።

መቼ ይገዛ?

ተጫዋቹ መሰናበቱን በተናገረበት ሳምንት አይግዙ። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ያን ጊዜ ነው፤ ሻጩም ያውቃል። በኢቺሮ ረገድ እንዲህ ያሉ ሞቅታዎች ተደጋግመዋል፤ በማርች 2019 ስንብቱ፣ በጃንዋሪ 2025 ከ394 ድምፅ 393ቱን አግኝቶ ለአሜሪካው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ መመረጡ፣ በዚያው ወር ለጃፓኑም የክብር አዳራሽ መመረጡ፣ ጁላይ 27 ቀን 2025 የአሜሪካው የክብር አዳራሽ በሚገኝበት በኩፐርስታውን የተደረገው ሥነ ሥርዓት፣ በኦገስት ደግሞ ማሪነርስ 51 ቁጥሩን ለሌላ ላለመስጠት ከአገልግሎት ማውጣቱ። ኢቺሮን የሚመለከቱት ታላላቅ በዓላት በአብዛኛው አልፈዋል። ለትዕግሥተኛ ገዢ የሚመች ጊዜ የሚመጣው ዜናው ጸጥ ሲል ነው።

ከጃፓን በቀጥታ የሚገዙ ከሆነ ብዙ ሻጮች ወደ ውጭ አገር ስለማይልኩ መካከለኛ አገልግሎት ያስፈልጋል። የመካከለኛው ክፍያ፣ የመላኪያውና እንደየአገሩ የጉምሩክ ቀረጥ ሲደመሩ ርካሽ የመሰለው ካርድ ርካሽ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ የኮቤ ካርድ ብቻ ከማዘዝ አምስት ስድስቱን በአንድ ጥቅል ማስላክ ይሻላል።

ይህ አካሄድ ሁሉ ለሌላ ተሰናባች ጃፓናዊ ተጫዋች ሲውል ትንሽ ይለወጣል። ከጃፓን ወጥቶ ላልተጫወተ ሰው የአሜሪካው ክፍል ይጠብና ምርጫው በቢቢኤም፣ በካልቢና ከ2021 ጀምሮ የጃፓን ሊግ ካርድ በሚያወጣው ቶፕስ መካከል ይሆናል። ቢቢኤም ለታላላቅ ተሰናባቾች የሚያዘጋጃቸው በሣጥን የሚሸጡ የመታሰቢያ ስብስቦችም አሉ፤ ሙሉ ታሪኩን በአንድ ጊዜ ማግኘት ለሚፈልግ ሰው የሚበጁት እነዚህ ናቸው።

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛና ስለ ተጫዋቹ ገና ማወቅ የጀመረ ሰው፣ ከኮቤ ዓመታት አንድ፣ ከ2001 መሠረታዊ ካርዶች አንድ ይግዛ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታሪኩን ይናገራሉ። አንድ ካርድ ብቻ ለመያዝ የቆረጠና ገንዘቡን ለማጠራቀም የሚታገሥ ሰው የ1993ቱን ቁጥር 239 ይጠብቅ፤ መካከለኛ ደረጃ ያለው ቅጂ ይበቃዋል። እኔ ራሴ የምመርጠው ይህን ነው፤ የኢቺሮን ጉዞ ሳስብ በቀዳሚነት የሚታየኝ አሰልጣኙ ያላመነበት፣ የአመታት ስልቱን ግን ያልለወጠው የ19 ዓመት ልጅ ስለሆነ። ኢቺሮን በሲያትል ስታዲየም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ግን የ1993ቱን በእኔ ቃል እንዲገዛ አልፈልግም፤ ለእርሱ የጃፓንኛው ቦውማን ክሮም፣ ገንዘቡ ካልደረሰ አፐር ዴኩ ይሁንለት። የስንብቱን ካርድ የሚገዛው ደግሞ ያን ሌሊት በቴሌቪዥን ሲከታተል እስኪነጋ የቆየ ሰው ብቻ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ካርዱ እጅዎ ከገባ በኋላ ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገቡት፤ ከረጢቱ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያ ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ገጹን ያበላሻልና። ከዚያ በጠንካራው መያዣ ይክተቱት። ከመስኮት ብርሃንና ከእርጥበት ያርቁት፤ ክሮም ካርድ ከሆነ ደግሞ በመያዣው ውስጥ እንዳለ በከባድ መጻሕፍት መካከል ሳይጨፈለቅ ቀጥ አድርገው ያቁሙት።